ሐሊም ኤል ዳብ፤ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፈር ቀዳጅና የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መሥራች

በሕዝባዊ በዓላት፣ በጉባኤ መክፈቻዎችና በክብር እንግዶች አቀባበል ላይ ዘወትር የምናየው የመድረክ አቀማመጥ አለ። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ የያዙ ባለሙያዎች፣ አንዳንድ ጊዜም በገና ታክሎበት፣ በአገር ልብስ አጊጠው ጎን ለጎን ይቀመጡና አንድ ዜማ በኅብረት ይጫወታሉ። ብዙዎቻችን ይህን አቀማመጥ ከቅድመ አያቶቻችን በቀጥታ የወረስነው አድርገን እንቆጥረዋለን። መሣሪያዎቹ በእርግጥ የጥንት ናቸው። ከልዩ ልዩ አካባቢ ተሰባስበው፣ በአንድ መሪ ሥር፣ እንደ ኦርኬስትራ መጫወታቸው ግን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው፤ ዛሬ በሕይወት ያሉ አረጋውያን ሲጀመር የተመለከቱት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጉልህ ድርሻ ካላቸው ሰዎች አንዱ በግብፅ ተወልደው በአሜሪካ ያረፉት ሙዚቃ ቀማሪ ሐሊም ኤል ዳብ ናቸው። ዓለም እኚህን ሰው ይበልጥ የሚያውቃቸው በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፈር ቀዳጅነታቸው ነው። ሁለቱ ሥራዎች ላይ ላዩን ሲታዩ የሚገናኙ አይመስሉም፤ የሕይወታቸውን ጉዞ ለተከታተለ ግን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1921 በካይሮ ከተማ ሰካኪኒ በሚባለው ሰፈር ከኮፕት ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለወላጆቻቸው ዘጠነኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። አባታቸው በእህል ንግድ የሚተዳደሩ ሲሆን፣ በቤቱ ውስጥ ሙዚቃ የሚወደድ እንጂ የኑሮ መተዳደሪያ ይሆናል ተብሎ የሚታሰብ አልነበረም። ልጁ ፒያኖ ተማረ፤ ከፒያኖው ጎን ለጎን ደግሞ ደርቡካ የተባለውን የአገሬውን የእጅ ከበሮ ይመታ ነበር።

በ1932 ቤተሰቡ ሄሊዮፖሊስ ወደተባለው የከተማው ክፍል ተዛወረ። በዚያው ዓመት በካይሮ የመጀመሪያው የዐረብ ሙዚቃ ጉባኤ ተካሄደ። በንጉሥ ፉአድ ደጋፊነት የተጠራው ይህ ጉባኤ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ሙዚቀኞችን ከአውሮፓ ሊቃውንት ጋር ያገናኘ ሲሆን፣ ቤላ ባርቶክና ፖል ሂንደሚት ከእንግዶቹ መካከል ነበሩ። ጉባኤተኞቹ ከተከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ የአውሮፓ መሣሪያዎች በዐረብ ሙዚቃ ውስጥ ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚል ነበር። የተጋበዙት ቡድኖች ሙዚቃም በድምፅ መቅጃ መሣሪያ እየተቀዳ በሸክላ ታተመ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ሐሊም ጉባኤውን የመታደም ዕድል አገኙ። የአገር ሙዚቃ በሊቃውንት ፊት ቀርቦ በክብር ሲደመጥ፣ በመሣሪያም ሲቀረጽ ማየት ለአንድ ሕፃን ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ በትምህርታቸው የመረጡት ግብርናን ነው። ዛሬ የካይሮ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በሚጠራው በያኔው የፉአድ ቀዳማዊ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ምህንድስና አጥንተው በ1945 ተመረቁ። ሙያው ወደ ገጠር ወሰዳቸው። በመንደሮቹ የመከር ዘፈን፣ የሠርግ ከበሮና የሐዘን ልቅሶ ያዳምጡ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት የተማረ ሰው የገበሬን ዘፈን ከቁም ነገር በማይቆጥርበት ዘመን፣ እርሳቸው ከእርሻ ምክሩ እኩል ለዘፈኑም ጆሮ ሰጡ።

በ1944፣ ገና ተማሪ ሳሉ፣ በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ስማቸውን ያኖረውን ሥራ ሠሩ። ሥራው የተነሣበትን ጉዳይ የአገራችን አንባቢ፣ በተለይም የጎንደር ሰው፣ ከሌላው ዓለም አንባቢ ይልቅ አስቀድሞ ያውቀዋል። ጉዳዩ ዛር ነው።

በደብረ ታቦር፣ በእስቴ፣ በፎገራ ወይም በጋይንት ያደገ ሰው ስለ ዛር ያልሰማ አይኖርም። ዛር የሰፈረባት ሴት ስታጓራ፣ ከበሮ ሲመታ፣ ጭብጨባው ሲደምቅ፣ ቡናው ተፈልቶ ዕጣኑ ሲጤስ ያየም ብዙ ነው። የሃይማኖት አባቶች ድርጊቱን አጥብቀው ያወግዛሉ፤ ሕመምተኛውም ወደ ጠበል እንዲሄድ ይመክራሉ። እንደ ወንዛዬ ያሉ የፍል ውሃ ሥፍራዎችም የፈውስ ፈላጊ መዳረሻ ሆነው ኖረዋል። ይህ ጽሑፍ ስለ እምነቱ ለመፍረድ የተዘጋጀ አይደለም። መታወቅ ያለበት ግን በርካታ ተመራማሪዎች የዛር ሥርዓት መነሻ ኢትዮጵያ እንደሆነች፣ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ የተስፋፋውም በተለይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባርነት ከተወሰዱ ሰዎች ጋር እንደሆነ የሚያምኑ መሆናቸው ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊና ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ በ1932፣ ይኸውም የካይሮው ጉባኤ በተካሄደበት በዚያው ዓመት፣ በጎንደር ከተማ ወራት ተቀምጦ የባለዛሮችን ሕይወት አጥንቷል፤ ጥናቱንም በ1958 በመጽሐፍ አሳትሟል። እንግዲህ ሐሊም ኤል ዳብ በካይሮ ጓዳ ያገኙት ድምፅ ሥሩ ወደ እኛ ደጋ የሚመዘዝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐሊም በዚያ ዓመት ከካይሮ አንድ የራዲዮ ጣቢያ የሽቦ ድምፅ መቅረጫ ተዋሱ። የማግኔት ቴፕ ገና ባልተስፋፋበት በዚያን ጊዜ ድምፅ የሚቀረጸው እንደ ፀጉር በቀጠነ የብረት ሽቦ ላይ ነበር፤ ሽቦው ከአንዱ ማጠንጠኛ ወደ ሌላው ሲተረተር በማግኔት አማካይነት ድምፁን ይይዛል። መሣሪያው ከባድና ለማጓጓዝ የማያመች ነበር። የዛር ሥርዓቱ ደግሞ የሴቶች በመሆኑ ወንድ አይገባበትም። ሐሊምና አንድ ጓደኛቸው እንደ ሴት ተሸፋፍነው ገቡ፤ ዝማሬውንና ከበሮውንም ቀረጹ። ዛሬ እንዲህ ያለ አቀዳድ ከባለቤቶቹ ፈቃድ ውጪ በመሆኑ በምርምር ሥነ ምግባር የሚያስጠይቅ ነው። በእኛ ግምት የእርሳቸውን ታላቅነት ለመግለጽ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ የሠሩት ሥራም፣ ሥራውን ያገኙበት መንገድም ሁለቱም መነገር አለባቸው።

ቀረጻውን ይዘው ወደ ራዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ ተመለሱ። እስከዚህ ድረስ የሠሩት አንድ የባህል ተመራማሪ ሊሠራው የሚችለውን ነው። አዲሱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ድምፁን ግድግዳው ወዲያና ወዲህ በሚንቀሳቀስ ክፍል ውስጥ መልሰው አጫወቱት፤ የገደል ማሚቶ በሚፈጥር ክፍል አሳልፈው እንደገና ቀረጹት፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉን ከፍና ዝቅ በማድረግ ጠባዩን ለወጡት። ማንኛውም ድምፅ ጆሯችን ዋና ብሎ የሚይዘው መሠረታዊ ድምፅና ከእርሱ በላይ የሚያንዣብቡ ረቂቅ ድምፆች አሉት። ሐሊም መሠረታዊውን ድምፅ እየቀነሱ ረቂቆቹ ብቻ እንዲቀሩ አደረጉ። ቃሉ ጠፋ፤ ከበሮው ሟሟ፤ የቀረው ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል የሴቶች ድምፅ ጥላ ነው። ሐውልት ቀራፂ ከድንጋይ ላይ ትርፉን እየጠረበ ምስሉን እንደሚያወጣው፣ እርሳቸውም ከድምፅ ላይ ትርፉን ጠረቡ። ሥራውን በዚያው በ1944 በካይሮ በሥነ ጥበብ ትርዒት ላይ አቀረቡት፤ በዐረብኛ የዛር መግለጫ የሚል ትርጉም ያለው ስም ነበረው።

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ በሚጻፍባቸው መጻሕፍት ውስጥ በተቀረጸ ድምፅ ሙዚቃ መቀመር የጀመረው በፓሪስ፣ በ1948፣ በፈረንሳይ ራዲዮ መሐንዲስ በፒየር ሼፈር ነው ተብሎ ለብዙ ጊዜ ተነግሯል። ሼፈር የባቡር ድምፆችን ቀርጾ ሙዚቃ ማድረጉ እውነት ነው፤ ለዘርፉ ስምና ንድፈ ሐሳብ የሰጠም እርሱ ነው። የካይሮው ሥራ ግን በአራት ዓመት ይቀድመዋል። ለዘርፉ የመጀመሪያ ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ የተወለደው በአፍሪካ ምድር፣ ከአፍሪካውያን ሴቶች ድምፅ ነው።

ሐሊም በዚህ ሥራ ወዲያው አልታወቁም። ያሳወቃቸው ፒያኖ ነው። የ1948ቱን ጦርነት መነሻ በማድረግ የቀመሩትን የፒያኖ ሙዚቃ በ1949 በካይሮ በሚገኘው የቅዱሳን ሁሉ ካቴድራል ሲያቀርቡ፣ ጋዜጦች አነሱት፤ የአሜሪካ ኤምባሲም የባህል ክፍል ልብ አላቸው። በ1950 የፉልብራይት የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪና በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ሁለት የማስተርስ ዲግሪዎችን አገኙ። ኧርንስት ክሬኔክ፣ አሮን ኮፕላንድና ኧርቪንግ ፋይን ከመምህሮቻቸው መካከል ናቸው። በኒው ሜክሲኮ ሳሉ ከክፍል ትምህርቱ ባልተናነሰ የቀደምት አሜሪካውያንን ዝማሬ ለመስማት ወደ መንደሮቻቸው ይሄዱ ነበር፤ የግብፅ ገጠር ልማዳቸው አልተዋቸውም። በ1958 በኒው ዮርክ ለዕይታ የበቃው የማርታ ግራሃም «ክሊተምኔስትራ» የተሰኘ ሙሉ ምሽት የሚወስድ የዳንስ ድራማ ሙዚቃው የእርሳቸው ነው። በዘመኑ ከታላላቆቹ የዳንስ ባለሙያዎች አንዷ ከነበረችው ከግራሃም ጋር ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ ሠርተዋል። በ1961 የአሜሪካ ዜግነት ወሰዱ።

በ1959 በኒው ዮርክ አዲስ የተቋቋመው የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል እንዲሠሩ ጋበዛቸው። በዚያ ድምፅን ከምንም አንሥቶ የሚፈጥር፣ ክፍል የሚሞላ ግዙፍ ማሽን ነበር። በማዕከሉ የነበሩ አብዛኞቹ ቀማሪዎች ሙዚቃን በቁጥርና በቀመር የሚያሰሉ ነበሩ። ሐሊም የመጡት በሌላ በር ነው። በማግኔት ቴፕ ላይ የሰው ድምፅ፣ የዋሽንትና የከበሮ ድምፅ ከማሽኑ ድምፅ ጋር አዋሕደው፣ በዐረቦች ዘንድ የታወቀውን የለይላንና በፍቅሯ ያበደውን ባለቅኔ ታሪክ መሠረት በማድረግ «ለይላና ባለቅኔው» የሚባለውን ድራማ ሠሩ። ሥራው በ1964 ማዕከሉ ባሳተመው ሸክላ ላይ ከሌሎቹ ጋር ታትሞ፣ በዚያ ሸክላ አማካይነት በርካታ ወጣት ሙዚቀኞች ዘንድ ደረሰ። በጊዛ ፒራሚዶች ሥር በየምሽቱ ለሚቀርበው የድምፅና የብርሃን ትርዒት ሙዚቃውን የቀመሩትም በዚሁ ዘመን ነው።

ሸክላው በኒው ዮርክ ሲታተም ግን እርሳቸው አዲስ አበባ ነበሩ።

ሐሊም ኤል ዳብ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1962 ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ ገና አንድ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በስድስት ኪሎ የሚገኘውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጥተው፣ መማሪያ ክፍሎችና ቢሮዎች በግቢው ውስጥ ገና እየተደራጁ ነበር። ዘመኑ የተስፋ ዘመን ነው። በ1955 ዓ.ም. ግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ነፃ የወጡ የአፍሪካ አገሮች ሁሉ በመድረክ ላይ የምናሳየው የእኛ የሆነው ምንድን ነው እያሉ ይጠይቁ ነበር። ኢትዮጵያም ከዚህ ጥያቄ ውጪ አልነበረችም። በከተማው በመድረክ የሚደመጠው ዘመናዊ ሙዚቃ በአብዛኛው የነሐስ መሣሪያ ባንዶች ሙዚቃ ነበር፤ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ዝናቸው ከፍ ያለ ነበር። የሀገር ፍቅር ማኅበርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም መሰንቆና ክራር ተጫዋቾችን ወደ መድረክ አምጥተዋል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ግን ገና አልተቋቋመም። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ፣ መሰንቆ የሚመታ ሰው እንደ ባለሙያ ደመወዝ ተቆርጦለት፣ ልምምድ ተመድቦለት፣ ለአገር ባህል አብነት ነህ ተብሎ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም።

ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነጥብ አይደለም። አዝማሪ የሚለው ቃል በአንዳንድ አፍ ዛሬም ስድብ ነው። በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ሠርጉም ክርስትናውም ያለ አዝማሪ አይደምቅም፤ ሆኖም ያንኑ አዝማሪ ልጁን ሊድርለት የሚፈቅድ ባላገር ብርቅ ነበር። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ እንደተናቁት ሁሉ እርሱም የተናቀ ነበር። የግብርና መሐንዲሱ ሐሊም ግን በአገራቸው መንደሮች ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ጆሮ መስጠትን የለመዱ ናቸው።

በዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ መምህር ሆነው ሲያስተምሩ ጎን ለጎን የኢትዮጵያን ሙዚቃ ማጥናት ጀመሩ። በ1963 በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ሥር ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የተውጣጡ የባህል ሙዚቀኞችን አሰባስበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። የቡድኑ አባላት ቁጥር እስከ ሠላሳ ይደርስ ነበር። ክራር፣ መሰንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ በአንድ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በፊት እነዚህ መሣሪያዎችና ተጫዋቾች እንዲህ በአንድ ላይ የተጫወቱበት ጊዜ እምብዛም አልነበረም።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት ስለ መሣሪያዎቹ ጠባይ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዋሽንት ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ ቅኝቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ባለዋሽንቱ ቁመታቸው የተለያየ በርካታ ዋሽንቶችን ይይዛል። ክራር በተቃራኒው በየጊዜው ይቃኛል፤ አምስት ወይም ስድስት አውታሮቹ ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰል ወይም ለአንቺ ሆዬ እንዲስማሙ ሲደረግ፣ መነሻው የዘፋኙ ድምፅ ነው። መሰንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ስላለው ከማንም ጋር ይስማማል፤ ድምፁን የሚወስነው የተጫዋቹ ጣት ነው። በዚህም ምክንያት አዝማሪው ብቻውን ሙሉ ባንድ ነው፤ ማንንም መከተል አልለመደም። እምቢልታ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ሥርዓት አለው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይነፋል፤ ዜማው የሚወጣው እየተቀባበሉ ሲነፉት ነው። ብቻውን መጫወት የለመደውን አዝማሪና ያለ ጓደኞቹ ዜማ የሌለውን ባለ እምቢልታ በአንድ ልምምድ ክፍል ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ የኑሮ ሥርዓቶችን እንደማገናኘት ነው።

በገና የራሱ ጉዳይ አለው። በዐቢይ ጾም በጸሎት መንፈስ የሚደረደረው ይህ መሣሪያ ለብቻ፣ በጸጥታ ይደመጣል፤ ከዘፈን መሣሪያ ጋር መቀመጡ አግባብ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ዛሬም ያነጋግራል። ከድምፅ አንጻር ስናየው ግን ለሐሊም ኤል ዳብ ጆሮ ከበገና የተሻለ ግጥም ያለ መሣሪያ አይገኝም። በድልድዩና በአውታሮቹ መካከል የሚገቡት እንዚራ የተባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች እያንዳንዱን አውታር እንደ ንብ ያስነዝሩታል፤ መሠረታዊው ድምፅ በረቂቆቹ ድምፆች ይሸፈናል። እርሳቸው በካይሮ ስቱዲዮ በግድግዳና በኤሌክትሪክ ያገኙትን ዓይነት የድምፅ ለውጥ የበገና ሠሪዎች ከቆዳ ቁራጭ ሲያገኙት ኖረዋል። ይህ የጽሑፉ አዘጋጅ አስተያየት ነው፤ ሁለቱን ያዳመጠ ግን የሚስማማ ይመስለናል።

የደቡብ ጎንደር አንባቢ በዚህ ላይ የሚጨምረው ይኖረዋል። በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓው፣ በዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕቱ ትምህርት ለመቶ ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል፤ የተክሌ አቋቋምም በደብረ ታቦር ሥር የሰደደ ነው። ሙዚቃን በሥርዓት ማስተማር፣ በምልክት መጻፍ፣ ለዓመታት አስጠንቶ ማስመስከር በአገራችን እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግዳ የነበረው ይህ ክብር ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጪ ላለው ሙዚቀኛም ይገባዋል የሚለው ሐሳብ ነው። የኮፕት ልጅ የሆኑት ሐሊም በሁለቱም በኩል የቆሙ ነበሩ፤ የቅዳሴን ዜማ ያውቃሉ፣ የዛርንም ከበሮ ቀድተዋል።

የአዲስ አበባ ቆይታቸው ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። በ1964 ኢትዮጵያን ለቀቁ። አንድ የውጭ ባለሙያ የመሠረተው ቡድን እርሱ ሲሄድ መበተኑ የተለመደ ነው፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ግን አልተበተነም። እስከ 1966 ድረስ በሰላም ጓድ አባልነት የመጣው አሜሪካዊ ጆን ኮ መራው። ከዚያም መሪነቱ በኢትዮጵያዊ እጅ ገባ። ያኔ ገና የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት የነበሩት ተስፋዬ ለማ ቡድኑን ለዘጠኝ ዓመታት መሩት፤ አዳዲስ ዜማዎችን ደረሱለት፤ ከመሥራቹም በላይ መልክ ያስያዙት እርሳቸው ናቸው። በ1969 ከቡድኑ የተውጣጡ ባለሙያዎች፣ መሰንቆ መጫወት ከተማረው ሌላው የሰላም ጓድ አባል ከቻርልስ ሰተን ጋር፣ የጥቁር ዓባይ ቡድን በሚል ስም አሜሪካን ዞሩ፤ በዝነኛው የኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅትም ቀረቡ። መሰንቆና ዋሽንት በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች ባለው መድረክ ተደመጡ።

ቡድኑ በአብዮቱ ማግሥት፣ በ1975፣ ተዘጋ። ከአሥራ ሁለት ዓመት ሥራ ለተተኪው የተረፈው የድምፅ ቅጂና የባለሙያዎቹ ትዝታ ነው። በ2007፣ ይኸውም በኢትዮጵያ ሚሌኒየም ዋዜማ፣ «ኢትዮፒክስ» በሚል መጠሪያ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በተከታታይ የሚያሳትመው የፈረንሳይ አሳታሚ ሃያ ሦስተኛውን ቅጽ ለኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሰጠው። በዚያው ዓመት ቻርልስ ሰተን ከቀድሞ ባልደረቦቹ ከመላኩ ገላውና ከጌታመሳይ አበበ ጋር «ዞሮ ገጠም» የተሰኘ አልበም አወጣ። ተስፋዬ ለማ በ2013 በስደት በሚኖሩበት በአሜሪካ አረፉ።

ሐሊም ኤል ዳብ ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላ በዋሽንግተን በሚገኘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1966 እስከ 1969 አስተማሩ፤ ከዚያም በኦሃዮ ግዛት ወደሚገኘው የኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በ1970 ግንቦት ወር መባቻ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በዚያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጦርነትን በሚቃወሙ ተማሪዎች ላይ ተኩሰው አራት ሲገደሉ ዘጠኝ ቆሰሉ። መምህሩ ሐዘናቸውን በሙዚቃ ገለጹ፤ በ1971 «ኦፔራ ፍላይስ» የተባለውን ኦፔራ አቀረቡ። በ1991 በጡረታ ቢገለሉም ስለ አፍሪካ ባህሎች የሚሰጡትን ትምህርት ዘጠና ዓመት እስኪሞላቸውና ከዚያም በኋላ ቀጥለዋል። ከማሊ እስከ ኮንጎ፣ ከሴኔጋል እስከ ብራዚል እየተጓዙ ሙዚቃ አጥንተዋል። ተማሪዎቻቸውን ከበሮ ሳያስይዙ ስለ ከበሮ ማስተማር አይወዱም ነበር ይባላል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 2017፣ በእኛ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በኬንት ከተማ በተወለዱ በ96 ዓመታቸው አረፉ።

የ1944ቱ የዛር ሥራ ለሃምሳ ስድስት ዓመታት ሳይታተም ቆይቶ በ2000 ከሌሎች የኤሌክትሮኒክ ሥራዎቻቸው ጋር በሲዲ ወጣ። የታተመው ከረጅሙ ሥራ የተቀነጨበ፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ቁራጭ ነው። ድምፁ ደብዛዛ ነው፤ ቃል አይለይም። ከበሮውን የሚያውቅ ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ውስጥ ምን እየሰማ እንደሆነ ያውቃል።